ደሴና ኮምቦልቻ በምን ይጓዙ?

ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ ውሃ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ምግቡን መርጦ ይበላል፤ ውሃውን አፍልቶ ወይም አጥልሎ ይጠጣል፤ አየሩን ግን መርጦ ሊተነፍስ አይችልም። ባለጠጋውም ድኻውም፣ ባለመኪናውም እግረኛውም በአንድ ጎዳና ላይ የሚስቡት አየር አንድ ነው። ስለዚህ የአንድ ከተማ አየር የነዋሪዎቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ እርሱን የሚበክል ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ድርሻ ያበላሻል።

ከዚህ በታች የማቀርብላችሁ አስተያየት በደቡብ ወሎ ስለሚገኙት ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ነው። አቋሜን ገና ከመነሻው ላስታውቃችሁ። ሁለቱ ከተሞች አየራቸውን ለመጠበቅ በጎዳናቸው ላይ የሚርመሰመሱትን ሞተሮች ቁጥር መቀነስ፣ የሚቀሩትንም ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ማዛወር ይገባቸዋል። ይህም ሥራ መጀመር ያለበት ብዙኃኑን ሕዝብ ከሚያጓጉዙት ከአውቶቡሱ፣ ከሚኒባሱና ከባጃጁ ነው፤ የግል አውቶሞቢል ተራው ከዚያ በኋላ ይሁን እላለሁ። አሳቤን ብትቀበሉት በምክንያት ተቀበሉት፤ ብትቃወሙትም በምክንያት ተቃወሙት።

በመጀመሪያ የቦታውን አቀማመጥ እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ስለሚያጥሯት መንደሮቿና ገበያዎቿ በጠባብ ስፍራ ተጠጋግተው ይታያሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደሴን ያገኛል። ከደሴ ተነሥተን ሐረጎን ስንወርድ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ኮምቦልቻን እናገኛለን። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ የተመሠረተች፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባና በባቲ በኩል ከሚሌ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና ሕመምተኛው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የከባድ መኪናውና የቦቴው ጉዞም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከእነዚህ ሞተሮች የሚወጣው ጭስ ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ቤንዚንና ናፍጣ በሞተር ውስጥ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ጥላሸት ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር ሲዋሐድ ደም ኦክሲጅን የመሸከም ችሎታውን ይቀንሳል። የጥላሸቱ ብናኝ ብዙው ክፍል እጅግ ደቃቅ ነው። ከሰው ጠጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሰው ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይታገድ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሊደርስ ይችላል። በዚህም አስምን ያባብሳል፤ ለልብና ለሳንባ ሕመምም ምክንያት ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል። ድርጅቱ ራሱም በቤት ውስጥና ከቤት ውጭ ባለው የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለ ዕድሜው እንደሚሞት ይገምታል።

ልብ በሉ፤ ይህን ጭስ ከሁሉ አብዝቶ የሚስበው መኪና የሌለው ሰው ነው። መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ባለመኪና በጎዳናው ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቆሎና ሙዝ ዘርግታ የምትሸጠው እናት፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ በመናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ የሚጣራው ረዳትና ዕቃ የሚሸከመው ወዛደር ግን ከጧት እስከ ማታ ከጭሱ ጋር ይውላሉ። በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪም፣ ማለት እናንተው፣ ከነዚህ ወገን ነው። ልጅ ከዐዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ሳንባውም ገና በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የፍትሕም ጉዳይ መሆኑን መዘንጋት የለብንም፤ ጭሱን የሚያወጣውና በጭሱ የሚጎዳው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለምና።

«ጭስማ በሁሉም ከተማ አለ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በምን ይለያሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሳይንስ ትምህርታችሁ ውስጥ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ነዳጅ ደግሞ በሚገባ እንዲቃጠል በቂ አየር ይሻል። የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ራሱ የማያመጣጥን አሮጌ ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ አየር ያጥረዋል፤ ነዳጁም ሳይቃጠል የሚቀረው ክፍል ይበዛል። ያ ያልተቃጠለው ነዳጅ ነው ጥቁር ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ የሚወጣው። በዚህ ላይ ዳገቱን ጨምሩበት። ሐረጎን የሚወጣ ጭነት መኪና በአነስተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲጎተት ከኋላው የሚለቀውን ጭስ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ልዩነት የሸለቆው ጠባይ ነው። በበጋ ወራት ሰማይ ጥርት ብሎ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ምድር ቶሎ ትቀዘቅዛለች፤ ቀዝቃዛው አየርም ከተራራው ወገብ ወደ ታች ወርዶ በሸለቆው ውስጥ ይረጋል። በላዩ ሞቅ ያለ አየር ስለሚተኛበት እንደ ክዳን ይሆንበታል። በእንዲህ ያለ ጧት ከሞተርና ከምድጃ የሚወጣው ጭስ ወደ ላይ ተበትኖ እንደ መሄድ ከመንደሩ በላይ ተንጣልሎ ይቀራል። ፀሐይ ከፍ ብላ ምድርን እስክታሞቅ ድረስ ክዳኑ አይነሣም። ያ ሰዓት ደግሞ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛውም ወደ ሥራው የሚጓዝበት ሰዓት ነው።

ይህ የአየር ክዳን ሲከፋ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሌላ አገር ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ላይ ለአምስት ቀናት ያህል የረጋ ቀዝቃዛ አየር የከሰሉን ጭስ አፍኖ ያዘው። በመጀመሪያ ግምት 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ አድርገውታል። እንግሊዞች የንጹሕ አየር ሕጋቸውን ያወጡት ከዚህ እልቂት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከዚያ መጠን አልደረሱም፤ ይሁን እንጂ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሕግና ዕቅድ የሚወጣው ከጉዳት በፊት ሲሆን ይመረጣል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መድኃኒት የሞተሮችን ቁጥር መቀነስ ነው። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 60 ሰዎች ከደሴ ፒያሳ ተነሥተው ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ፈለጉ እንበል። እያንዳንዳቸው በግል አውቶሞቢል ቢሄዱ 60 ሞተሮች ይነሣሉ። ሦስት ሦስት ሆነው በባጃጅ ቢሳፈሩ 20፣ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ሆነው በሚኒባስ ቢሳፈሩ 5፣ በአንድ ትልቅ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ግን አንድ ሞተር ብቻ ይበቃቸዋል። አውቶቡሱ በጎዳናው ላይ የሚይዘውን ስፍራ ከ60 አውቶሞቢሎች ሰልፍ ጋር ብታነጻጽሩት የመንገድ መጨናነቅ ከምን እንደሚመጣ ትረዳላችሁ። ሰዓቱን የሚያከብርና ዋጋው የሚቀመስ የከተማ አውቶቡስ ካለ ብዙው ሰው ሳይገደድ ይሳፈርበታል።

ከዚህም ሌላ በእግሩ ለሚሄደው ሰው መንገዱን መመለስ ያስፈልጋል። የእግረኛው መንገድ በሸቀጥ፣ በአሸዋ ክምርና በቆመ መኪና ከተያዘ፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሰው ባጃጅ ለመሳፈር ይገደዳል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተመረጡ ጎዳናዎች ላይ መኪና የማይገባበት ቀን ተጀምሮ ነበር። የአንድ ቀን እረፍት አየሩን ለዘለቄታው አያነጻም፤ ነገር ግን ጎዳና ያለ ጭስ ምን እንደሚመስል ለሕዝብ ያሳያል። ደሴና ኮምቦልቻም በገበያቸው ዙሪያ ለእግረኛ ብቻ የሚተው ስፍራ ቢወስኑ ሻጩም ገዢውም ይጠቀማል።

ሁለተኛው መድኃኒት ኤሌክትሪክ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሽከርካሪ ነዳጅ ስለማያቃጥል ጭስ አያወጣም፤ ሞተሩም አየር ስለማይፈልግ የደሴ ከፍታ አያደክመውም። በብዙ አገሮች ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከሰልና ጋዝ በማቃጠል ስለሆነ ተቺዎች «ጭሱን ከከተማ ወደ ገጠር አዛወራችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም» ይላሉ። ይህ ትችት በኢትዮጵያ ላይ አይሠራም። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነውና። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነዳጁን ግን ሙሉ በሙሉ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን። ቀድሞ ከአሰብ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ወደብ ሲለወጥ ወይም የዓለም ዋጋ ሲንር የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ይናጋል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ቀረጥና ታክስ መቀነሱ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ከዚህ ጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው።

የሐረጎ ዳገት ራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና ይመሰክራል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 600 ሜትር ከፍ ለማለት የሚፈልገው ጉልበት 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ በመንገዱ ርዝመት ከሚጠፋው ጉልበት በተጨማሪ ለከፍታው ብቻ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ በኤሌክትሪክ ለአንድ ሰዓት ሲግል ከሚፈጀው ያነሰ ነው። የነዳጅ መኪና ዳገቱን ወጥቶ ሲመለስ ይህን ጉልበት በፍሬኑ ሙቀት ያባክነዋል፤ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ሲያጣም አደጋ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይገታል፤ ያመነጨውንም ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዳገት የወሰደውን ቁልቁለት በከፊል ይከፍላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ሜዳማ ለሆነ አገር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግን የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶችም ሳንመረምር ማለፍ አይገባንም። አንደኛው የዋጋ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መግዣው ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአንድ ባጃጅ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ከየት ያመጣል? እውነት ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በነዳጅ ፈንታ ኤሌክትሪክ ሲጠቀም የሚያተርፈው ገንዘብ ብዙ ነው። ስለዚህም ነው ከታክሲና ከአውቶቡስ እንጀምር የምለው፤ ቆሞ ከሚውለው የግል መኪና ይልቅ ሲመላለስ የሚውለው ታክሲ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል፤ የሚያነጻውም አየር ይበልጣል። ባለ ባጃጆች በማኅበር ተደራጅተው በረጅም ጊዜ የሚከፈል ብድር ቢያገኙ ሸክሙ ይቀላል። አሮጌውን ባጃጅ በአዋጅ አስቁሞ ሌላ ሳይሰጡት ማሰናበት ግን ድኻውን መበደል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመብራት መጥፋት ነው። «ለአምፑል ያልበቃ ኤሌክትሪክ ለመኪና ይበቃል?» ይላሉ። ግድብ ቢበዛም መስመሩና ትራንስፎርመሩ ካልተጠናከረ ኃይሉ ከቤታችን እንደማይደርስ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ባትሪ የሚሞላው በአብዛኛው ሕዝብ በሚተኛበት፣ የኃይል ፍላጎት በሚቀንስበት በሌሊት ሊሆን ይችላል። አውቶቡሶች በአንድ ግቢ ስለሚያድሩ ለእነርሱ አንድ አስተማማኝ መስመር መዘርጋት በየመንደሩ ከመዘርጋት ይቀልላል። የቻይናዋ ሼንዠን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16,000 በላይ የሚሆኑ የሕዝብ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ያዛወረችው በየማደሪያቸው የመሙያ ጣቢያ እየሠራች ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዘው ከባድ መኪና ግን ለጊዜው በናፍጣ መቀጠሉ አይቀርም። የእርሱን ሸክም ለማቃለል የተሻለው ተስፋ በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። ይህ ሐዲድ ጭነቱን በተሸከመ መጠን የመንገዱ ጭስ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ባትሪና ጥገናን ይመለከታል። ያረጀ ባትሪ በግዴለሽነት ቢጣል አፈርንና ውሃን ይጎዳል፤ የመኪናን ጭስ ሸሽተን ቦርከናን ብንመርዝ ምን አተረፍን? ስለዚህ ባትሪው ገና ሲገባ ማን እንደሚሰበስበውና የት እንደሚታደስ በሕግ መወሰን አለበት። መካኒኮች ከሥራ እንዳይፈናቀሉም አዲሱን ሙያ መማር ይኖርባቸዋል። በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መኖሩ ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። ዛሬ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ያላችሁት ተማሪዎች የነገዎቹ ጠጋኞችና መሐንዲሶች እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ «ከመኪና ጭስ ይልቅ የእንጨትና የከሰል ጭስ እናቶችን ይጎዳል» የሚል አለ። ይህንን አልክድም፤ የማጀት ጭስ እናቶችንና ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። ነገር ግን አንዱን በሽታ ለማከም ሌላውን ማቆየት አስፈላጊ አይደለም። ለአውቶቡሱ የሚጠናከረው መስመር ለምጣዱም ያገለግላል፤ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ መፍትሔ አላቸው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ብቀር አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስን ያስቀራል እንጂ ሰልፍን አያሳጥርም። ከጎማና ከመንገድ የሚነሣውን አቧራ አያጠፋም፤ እግረኛን ከመገጨት አያድንም። አንድ ሺህ የነዳጅ አውቶሞቢሎችን በአንድ ሺህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ብንተካ የደሴ ጎዳና እንደ ተጨናነቀ ይኖራል፤ ድኻውም እንደ ቀድሞው በእግሩ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁለቱ መድኃኒቶች ተለያይተው አይሠሩም የምለው። በቅድሚያ ሰውን የሚያሰባስብ አውቶቡስና ለእግረኛ የሚመች መንገድ፣ ከዚያም አውቶቡሱና ባጃጁ በኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻም የግል አውቶሞቢል፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ገንዘባችንም አየራችንም አይባክንም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ የከተማ ሹማምንትና የባለሙያዎች ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። በአንድ ጧት ከጎዳና ዳር፣ አደጋ ከማያደርስ ስፍራ ቆማችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት አውቶቡስ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት የግል መኪና እንደሚያልፍና በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ቁጠሩ። ጥቁር ጭስ የሚለቁትን ለይታችሁ መዝግቡ። ከዚያም ያገኛችሁትን ቁጥር መሠረት አድርጋችሁ አስተያየታችሁን ጻፉ፤ ለክፍል ጓደኞቻችሁና ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው። በቁጥር የተደገፈ ቃል ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። ጦሳ ከከተማዋ በላይ ጸንቶ ይኖራል፤ በግርጌው የሚተነፍሰው ሕዝብ ግን ምን ዓይነት አየር እንደሚስብ የሚወስነው ዛሬ በምንመርጠው የጉዞ መንገድ ነው።